ፍሬኗ ዓይኗ ላይ ነው፦ የሸርጣን ሆርሞንና የአቃቂ ወንዝ ነገር

የምንኖረው ከቡራዩ ከፍ ብሎ ገፈርሳ አካባቢ ነው። ያው አሁን ሸገር ከተማ ተብሏል ግን ሰዉ ዛሬም ቡራዩ ነው የሚለው። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ወንዝ ወርዶ ሲመለስ አንድ ሸርጣን በፌስታል ይዞልኝ መጣ፣ «አጎቴ ሞቶ አገኘሁት» ብሎ። ተቀብዬ ሳየው ክብደት የለውም፣ የኦቾሎኒ ልጣጭ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ከኋላ በኩል ጀርባውና ሆዱ የሚገናኙበት ጋ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ መቆንጠጫው አለ እግሮቹ አሉ ሌላው ቀርቶ ዓይኑን የምትሸፍነው ስስ ነገር እንኳን ሳትቀር አለች። «ይሄ አልሞተም፣ ልብሱን ቀይሮ ሄዷል» አልኩት። ልጁ አላመነኝም፣ እውነት ለመናገር እኔም በሱ ዕድሜ ብሆን አላምንም ነበር።

እሱን ለማስረዳት ስሞክር ነው ይሄን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት፣ ምክንያቱም ነገሩ ወዲያው ሆርሞን የሚባለው ነገር ውስጥ ገባ፣ ሆርሞን ደግሞ በኛ ሰፈር መጥፎ ስም ያለው ቃል ነው። ዶሮ ቶሎ ከደረሰ «ሆርሞን ተወግቶ ነው»፣ ቲማቲም ከገዘፈ «ሆርሞን ነው»፣ ጎረምሳው ካስቸገረ ያው «ሆርሞኑ ነው»። (በነገራችን ላይ የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ የሚደርሰው በዘር ምርጫና በመኖ ነው እንጂ ማንም አንድ በአንድ እየያዘ ሆርሞን አይወጋውም፣ አያዋጣምም።) ሆርሞን ማለት እኮ ሰውነት ራሱ ለራሱ የሚልከው መልእክት ነው፣ አንድ ቦታ ይመረትና በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ ላይ «ጀምር» ወይ «አቁም» ይላል። የሸርጣን ነገር የሚገርመው ከዚህ መልእክት አብዛኛው «አቁም» መሆኑ ነው። አቃቂ ወንዝን ስለማጽዳት በምናወራበት በዚህ ጊዜ ይቺ ነገር ከሚመስለን በላይ ትልቅ ትርጉም አላት፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ሸርጣን እንዴት እንደሚያድግ። እኛ አጥንታችን ውስጥ ስለሆነ ስጋችን በላዩ ላይ እንደልቡ ያድጋል፣ ሸርጣን ግን አጥንቱ ውጪ ነው፣ ቅርፊቱ እንደ ብረት በር ነው፣ አይለጠጥም። ስለዚ እንደ ልጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማደግ የሚባል ነገር የለም፣ በዝላይ ነው የሚያድገው። ከአሮጌው ቅርፊት ስር አዲስ ለስላሳ ቅርፊት እጥፍጥፍ ብሎ ይሠራል፣ ከአሮጌው ውስጥ ካልሲየሙ የተወሰነው ቀድሞ ወደ ሰውነት ይመጠጣል፣ ከዛ አንድ ቀን (ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው) ከኋላ ተከፍቶ ሸርጣኑ ወደኋላ እየተንሸራተተ ይወጣል። በዛች ሰዓት የተላጠ ድንች በሉት፣ ቆንጥጦ ራሱን አይከላከልም፣ በደንብ አይራመድም፣ ዓሣም ወፍም ሌላ ሸርጣንም ይበላዋል። ውሃ ስቦ ሰውነቱን ይነፋና አዲሱ ቅርፊት ሳይደርቅ ይለጠጣል፣ ከዛ ካልሲየም እየተሞላ ይጠነክራል። ብዙዎቹ አሮጌውን ቅርፊት መልሰው ይበሉታል፣ ካልሲየም በቀላሉ አይገኝማ። እግር ተቆርጦ ከነበረም በዚሁ አጋጣሚ ነው አዲስ እግር ብቅ የሚለው፣ ቅርፊቱ ሳይቀየር አዲስ እግር የለም።

እንግዲህ ይሄን ያህል አደገኛ ሥራ በዘፈቀደ አይደረግም አይደል፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ወይ ውሃው ተበላሽቶ ወይ እንቁላል ይዞ እያለ ቅርፊቱን ቢጥል ያለቀለት ነው። ስለዚ ተፈጥሮ ምን አደረገች፣ ሞተሩን ሁሌ ዝግጁ አድርጋ ፍሬኑን ረገጠችው። ሞተሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ዋይ-ኦርጋን የሚባል ትንሽ ዕጢ ነው፣ ኤክዳይሶን የሚባለውን ቅርፊት የሚያስቀይር ሆርሞን ያመነጫል። ፍሬኑ ደግሞ የት እንዳለ ቢጠየቅ ማንም አይገምትም፣ ዓይኑን የተሸከመችው ዘንግ ውስጥ ነው። የሸርጣን ዓይን እንደኛ ጉድጓድ ውስጥ አልተቀመጠም፣ ዘንግ ላይ ነው የቆመው፣ እዛች ዘንግ ውስጥ ኤክስ-ኦርጋን የሚባሉ የነርቭ ሕዋሶች ቅርፊት መቀየርን የሚከለክል ሆርሞን ይሠሩና ሳይነስ ግላንድ የሚባለው መጋዘን ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ከዛ እየተንጠባጠበ ደም ውስጥ ሲገባ ዋይ-ኦርጋን ዝም ይላል። የሚንጠባጠበው ሲቀንስ ኤክዳይሶን ከፍ ይላል፣ ሸርጣኑም ለመቀየር መዘጋጀት ይጀምራል። የእጅ ፍሬን ተይዞ ሞተሩ የተነሳ ሚኒባስ አስቡ፣ ነዳጅ መስጠት አይጠበቅባችሁም፣ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ ነው።

ይሄ ሆርሞን ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለማወቅ የድሮ ኬሚስቶችን ልፋት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቡቴናንትና ካርልሰን የሚባሉ ጀርመኖች ኤክዳይሶንን ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹህ አድርገው ሲያወጡት ከሐር ትል ነበር፣ ግማሽ ቶን የሐር ትል ሙሽራ (ማለቴ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ተሸፋፍኖ የሚተኛው) ፈጭተው ያገኙት 25 ሚሊግራም ብቻ። በ1966 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ከአንድ ቶን የባሕር ክሬይፊሽ (የሸርጣን ዘመድ ነው) ሁለት ሚሊግራም አወጡ፣ በልተን ከምንውጠው የራስ ምታት ክኒን ፍርፋሪው ይበልጣል። ያኔ የታየው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፣ ትሉ ውስጥ ያለው ሆርሞንና ክሬይፊሹ ውስጥ ያለው የአንድ ቤተሰብ ሆነው ተገኙ። ነፍሳትና ሸርጣን ቅርፊታቸውን የሚጥሉት በአንድ ዓይነት ቁልፍ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ጎመን ላይ የሚረጨው መድኃኒት ጋ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ፍሬኑ ዓይን ላይ መሆኑ የታወቀው በጭካኔ ነው ማለት ይቻላል። በ1905 ዜሌኒ የሚባል ተመራማሪ የባሕር ዳርቻ ሸርጣኖችን የዓይን ዘንግ ሲቆርጥ ከሌሎቹ ቀድመው ቅርፊት ሲቀይሩ አየ፣ በ1943 ደግሞ ፓኑዝ የሚባል ፈረንሳዊ ሽሪምፕ የሚባለው ሌላ የሸርጣን ዘመድ ላይ ያንኑ ሲያደርግ እንቁላላቸው ያለጊዜው ማደግ ጀመረ። ማለትም እዛችው ዘንግ ውስጥ ሁለተኛ ፍሬን አለ፣ እንቁላል ማብሰልን የሚከለክል። ይሄ ግኝት ላብራቶሪ ውስጥ አልቀረም፣ ዛሬ በዓለም ላይ ሽሪምፕ የሚያራቡ ብዙ ማዕከሎች ሴቷ ቶሎ እንድትጥልላቸው አንድ ዓይኗን ይቆርጡታል ወይ ይጨፈልቁታል፣ በቀናት ውስጥ እንቁላሏ ይበስላል። ዓይን ያወጣ ዘዴ ይሏል ይሄ ነው። አሁን ግን ነገሩ እያከራከረ ነው፣ እንግሊዝ በ2022 ባወጣችው የእንስሳት ደህንነት ሕግ ላይ ሸርጣንና ሽሪምፕም ሕመም የሚሰማቸው ፍጡሮች ተብለው ተካትተዋል፣ አንዳንድ አርቢዎችም ዓይን ሳይነኩ በመኖና በብርሃን ለማስጣል እየሞከሩ ነው። እኔ በበኩሌ ዘዴው ቢቀር ደስ ይለኛል፣ እናቲቱን ይጎዳል፣ ተገዳ የምትጥለው እንቁላልም እያደር ጥራቱ ይወርዳል።

የእንቁላሉ ነገር ላይ የጣፋጭ ውሃ ሸርጣን (የወንዝና የምንጭ ማለቴ ነው) ብዙ ያስተማረን ሕንድ ውስጥ ነው። እዛ በሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ኦዚዮቴልፉሳ የሚባል ሸርጣን አለ፣ ለብዙ ዓመት የሆርሞን ጥናት የተደረገው በሱ ላይ ነው። አፉ አጠገብ ማንዲቡላር ኦርጋን የሚባል ሌላ ዕጢ አለ፣ እሱ የሚያመነጨው ሜቲል ፋርኔሶኤት የሚባለው ነገር ለሴቷ ሲወጋላት እንቁላሏ እንደሚያድግ በ1990ዎቹ ታየ። ይሄ ነገር ነፍሳትን ልጅ አድርጎ የሚያቆየው ሆርሞን የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሸርጣን ግን ለማዋለድ ተጠቀመበት። በላዩ ላይ ደግሞ ከአንጎል የሚመጡ አሉ፣ ሴሮቶኒን እንቁላሉን ይገፋል ዶፓሚን ይይዛል። አዎ እነዛው ሰው ስለ ድብርትና ስለ ስልክ ሱስ ሲያወራ የሚጠራቸው ሴሮቶኒንና ዶፓሚን ናቸው፣ ሸርጣን ውስጥ ዘር የማስቀጠል ሥራ ላይ ተሰማርተው አገኘናቸው።

እዚህ ጋ ነው ማደግና መውለድ የሚጋጩት። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ የትም አታስቀምጠውም፣ ከሆዷ ስር ባለው ሰፊ ክዳን ውስጥ ትናንሽ ፀጉራም እግሮች ላይ አጣብቃ ትሸከመዋለች። ያ ፀጉር ግን የቅርፊቱ አካል ነው! ቅርፊቷን ከቀየረች እንቁላሉ ከአሮጌው ልብስ ጋር አብሮ ይወድቃል። ስለዚ አርግዛ እያለች ቅርፊት መቀየር የለባትም፣ ለመቀየር እየተዘጋጀችም እንቁላል መጣል የለባትም። ሁለቱም ሥራ ካንድ ካዝና ነው ገንዘብ የሚያወጡት፣ ፕሮቲኑም ቅባቱም ካልሲየሙም አንድ ነው። ሁለቱ ፍሬኖች የዓይን ዘንግ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያለምክንያት አይመስለኝም፣ የቀኑን ርዝመትም ብርሃኑንም የምታየው በዛችው ዓይን ነው፣ «አሁን የማደጊያ ነው ወይስ የመውለጃ» የሚለው እዛው ይወሰናል።

ወንዱ ጋ ታሪኩ አጭር ነው ግን ይገርማል። ወንድ የሚያደርገው ከዘር መውጫው ቱቦ ጫፍ ላይ የተለጠፈች ዕጢ ነች፣ በ1954 ሻርኒዮ-ኮቶን የምትባል ፈረንሳዊት ናት ያገኘቻት። ከዚች ዕጢ የሚወጣው ሆርሞን ደግሞ የኢንሱሊን ዘመድ ነው፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የሚወጋው ኢንሱሊን ማለቴ ነው። እስራኤል ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጣፋጭ ውሃ ሽሪምፕ ላይ ይሄን ሆርሞን ገና በልጅነቱ ሲያጠፉት ወንዱ ሴት ሆኖ አደገ፣ እንቁላልም ጣለ፣ ያቺን ሴት የሆነች ወንድ ከወንድ ጋር ሲያዳቅሏት የተወለዱት በሙሉ ወንድ። ለምን ይሄን ይፈልጋሉ ብትሉ ወንዶቹ ስለሚገዝፉ ነው። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል አካባቢ ቆሮሶ ስለሚያረቡ ሰዎች የሰማ ሰው ሀሳቡን ቶሎ ይይዘዋል፣ ቆሮሶም ኩሬ ውስጥ ወንድና ሴት ከተቀላቀለ ይራባል ይራባል ኩሬው በጣት በሚያህል ዓሣ ይሞላል፣ ስለዚ በብዙ አገር ጫጩቶቹን የወንድ ሆርሞን በተቀላቀለበት መኖ ወንድ ብቻ ያደርጓቸዋል። የእንቁላል ወጪ ሲቀር ገንዘቡ ወደ ስጋ ይሄዳል፣ ያው የካዝናው ነገር ነው።

አሁን ወደ ወንዛችን። እኛ ጋ በደጋው ጅረቶች ውስጥ ያሉት ሸርጣኖች ፖታሞናውቴስ የሚባለው የአፍሪካ ወገን ናቸው፣ እነዚህና የባሕሩ ሸርጣን መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እንቁላሉ ላይ ነው። የአሜሪካኑ ሰማያዊ ሸርጣን በአንድ ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ገደማ እንቁላል ትይዛለች፣ ከዛ የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ በባሕሩ ላይ ሲንሳፈፍ ሰንብቶ በሕይወት የተረፈው የሆነ ቦታ ሄዶ ሸርጣን ይሆናል። የኛይቱ እንደዛ አይደለችም፣ የምትይዘው እንቁላል በጣም ጥቂት ነው፣ በሚሊዮን ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠር፣ ግን እያንዳንዱ ትልቅና አስኳል የሞላበት ነው፣ እጭ የሚባል ደረጃ የለም፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው እግርና መቆንጠጫ ያለው የጨረሰ ሸርጣን ነው፣ ከወጣም በኋላ እናቱ ክዳኗ ስር ይዛው ትቆያለች። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ተረት ለሸርጣን ተረት አይደለም፣ እንዳለ እውነት ነው።

ይሄ ደስ የሚል ነገር ይመስላል ግን ትልቅ አደጋ አለው። ተንሳፋፊ እጭ ስለሌለ አንድ ጅረት ውስጥ ሸርጣኑ ካለቀ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ምትክ የለም፣ ወይ በእግሩ እየተጓዘ መምጣት አለበት ወይ በቃ አለቀ። በዛ ላይ ጥቂት ስለሚወልዱ አንድ ሁለት የመውለጃ ወቅት ከከሸፈ የሚተካ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ሰፊ ጥናት 23,496 የጣፋጭ ውሃ እንስሳት ዝርያዎችን ገምግሞ 24 ከመቶው የመጥፋት ስጋት ላይ ናቸው ሲል ሸርጣን፣ ክሬይፊሽና ሽሪምፕ ያሉበት ምድብ 30 ከመቶ ነው፣ ከተገመገሙት ትላልቅ ምድቦች የባሰበት እሱ ነው። እኔ ይሄን ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ትንሹ አቃቂ ነው። ከገፈርሳ ግድብ በላይ ያሉት ጅረቶች ውስጥ ድንጋይ ስትገለብጡ ዛሬም ታገኛላችሁ፣ ወደ ታች ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ቃሊቲ ሲደርስና አባ ሳሙኤል ግድብ ሲገባ ውሃው ምን እንደሚመስል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፣ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ታዲያ ስለ ወንዝ ብክለት ስናወራ የምናወራው ስለሞት ነው፣ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ፣ ከብት ጠጥቶ ሞተ። የኔ ክርክር ይሄ መለኪያ ዘገየ ነው። ሸርጣን በቀላሉ አይሞትም፣ መጥፎ ውሃ ይችላል፣ ሲብስበት ወጥቶ ዳር ላይ መቀመጥም ይችላል። የሚበላሸው ፍሬኑ ነው። በ1997 ክሬይፊሽ ላይ በወጣ ጥናት ካድሚየምና ሜርኩሪ ያለበት ውሃ ውስጥ የቆዩት ሴቶች እንቁላላቸው ማደግ አቆመ፣ ሴሮቶኒን የመሰለ ገፊ ቢሰጣቸው እንኳን መንገዱ ተዘግቷል። እንስሳዋ በሕይወት አለች፣ ትበላለች ትራመዳለች፣ ግን አትወልድም። ወንዝ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው «ሸርጣን አለ እኮ» ነው፣ ያለው ግን አርጅቶ የሚያልቅ ትውልድ ነው።

ሌላው ስኳሩ ነው። እዛችው የዓይን ዘንግ ውስጥ ሦስተኛ ሆርሞን አለ፣ ሸርጣኑ ሲጨነቅ ደሙ ውስጥ ስኳር ከፍ የሚያደርግ። አየር ያነሰው ውሃ፣ ሙቀት፣ ሄቪ ሜታል (እንደ ካድሚየምና ሜርኩሪ ያለው)፣ ሁሉም ይሄን ሆርሞን ያስለቅቃሉ፣ ነገርየው እኛ ስንደነግጥ እንደሚሆነው ነው፣ ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው ለመሮጥ ይረዳል፣ ግን ጭንቀቱ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ችግር ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ሆርሞን ቅርፊት መቀየርን ከሚከለክለው ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ ዋይ-ኦርጋንንም አብሮ ዝም ያሰኘዋል። ሁሌ የተጨነቀ ሸርጣን አያድግም ማለት ነው። የኑሮ ውድነት ላይ ያለን ሰዎች ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

የአቃቂ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚገባ ደግሞ ተደጋግሞ ተጠንቷል፣ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም አለ፣ የጋራዥ ዘይት አለ፣ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ አለ፣ በዛ ውሃ በሞተር ተስቦ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣም ላይ ሄቪ ሜታል ተገኝቷል። እኔ ግን ሰው ብዙ የማያነሳውን ልጨምር፣ የነፍሳት መድኃኒት። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ጋ ነው። ዘመናዊ ከሚባሉት ፀረ-ተባዮች ውስጥ ትሉን በመመረዝ ሳይሆን ሆርሞኑን በማሳሳት ወይ አዲሱ ቅርፊቱ በትክክል እንዳይሠራ በማድረግ የሚገድሉ አሉ፣ አንዳንዱ ኤክዳይሶን ያስመስላል፣ ዲፍሉቤንዙሮን የሚባለው ቅርፊት የሚሠራበትን ካይቲን ያስቆማል፣ ሜቶፕሪን ደግሞ የነፍሳቱን የልጅነት ሆርሞን ያስመስላል። ለሰውና ለከብት የተሻሉ ናቸው ተብለው ነው የወጡት፣ እውነትም ነው፣ እኛ ቅርፊት አንቀይርማ። ሸርጣን ግን ከትሉ ጋር አንድ ቁልፍ ነው የሚጠቀመው። ዕቃው ላይ «ለሰው ጉዳቱ አነስተኛ» የሚል ሲጻፍ ጅረቱ ውስጥ ላለው አልተጻፈም። አቃቂ ዳር ጎመን የሚያለሙ አንድ ጋሼ አሉ፣ የሚረጩበትን ታንክ የት እንደሚያጥቡ ስጠይቃቸው «ከዚሁ ከውሃው ነዋ፣ ታዲያ ቤቴ ወስጄ ልጠበው?» አሉኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ ሌላ ውሃ የላቸውም።

ብዙ ሰው ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒን በሽንት ወንዝ ገብቶ ሁሉን ሴት አደረገ የሚል ነገር ያነሳል። ለዓሣ ስጋቱ እውነት ነው፣ ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ አንድ ሐይቅ ላይ ሆን ብለው የክኒኑን ኢስትሮጅን በሊትር አምስት ስድስት ናኖግራም ብቻ ጨምረው አንዱ የዓሣ ዓይነት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፣ በ2007 ነው የወጣው። ሸርጣን ግን ወንድነቱ ያለው እዛች ዕጢና ኢንሱሊን መሳዩ ሆርሞን ላይ ስለሆነ የዓሣውን ታሪክ ገልብጦ እሱ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ሁሉንም ነገር «ሆርሞን ነው» ብሎ አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት ነው ችግራችን፣ የዶሮውም ወሬ ከዛ ነው የሚመጣው።

ወንዙን የማጽዳቱ ሥራስ? ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሁላችንም ሰምተናል፣ በማዕድ 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት እራት ሁሉ ነበር። አሁን ደግሞ ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ ወጥቷል፣ ይሄን አልቃወምም፣ እንደውም ቆይቷል ባይ ነኝ። ግን የወንዝ ዳር ሲሠራ የማየው አብዛኛው ግንብና ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ ድንጋይ) ነው፣ ሣርና መብራት ነው። ለእኔና ለእናንተ ሽርሽር አሪፍ ነው፣ ቅርፊቱን ሊቀይር የተዘጋጀ ሸርጣን ግን የሚፈልገው ጭቃ ዳር ያለ ጉድጓድና ሰፋፊ ድንጋይ ነው፣ ያቺ ለስላሳ የምትሆንበት ቀን ላይ የሚደበቅበት ከሌለ ሆርሞኑ በሥርዓቱ ቢሠራም ይበላል። በሲሚንቶ የተለሰነ ወንዝ የቱንም ያህል ቢጠራ የመደበቂያውን ችግር አይፈታውም። እኔ መሐንዲስ ብሆን ቢያንስ አንዱን ዳር እንዳለ እተወው ነበር።

«ታዲያ ሸርጣን ምን ያደርግልናል፣ አንበላው» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው አንበላም፣ ክንፍና ቅርፊት (የዓሣውን ዓይነት ማለቱ ነው) የሌለው የውሃ ፍጥረት በኦሪት ዘሌዋውያን ክልክል ነው፣ እናቴ ስሙ ሲነሳ ራሱ ፊቷን ታኮሳትራለች። ቻይናዎቹ በዓመት ከ700 ሺህ ቶን በላይ የሱን የሩቅ ዘመድ አርብተው ይበላሉ፣ እሱ የነሱ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ጥቅሙ ሌላ ነው፣ የረገፈ ቅጠል ይቆራርጣል፣ የሞተ ያነሳል፣ ራሱም ለወፍና ለዓሣ ምግብ ነው። ሁሌ ጥሩ ጎረቤት ነው ለማለትም አይደለም፣ ወደ ደቡብ ምዕራቡ አገራችን ኦንኮ የሚባለውን ቆዳና ዓይን የሚጎዳ በሽታ የሚያስተላልፉ የጥቁር ዝንብ ወገኖች ውስጥ እጫቸው ሸርጣን ቅርፊት ላይ ተለጥፎ የሚያድግ አለ። ሸርጣኑ ልብሱን ሲቀይር ተለጣፊው ከአሮጌው ጋር ይቀራል፣ ቤቱ እንደፈረሰበት ተከራይ።

እኔ የምለው ግን ከጥቅም በላይ እንደ መለኪያ ነው። ላብራቶሪ የውሃ ናሙና ሲወስድ የሚያየው የዛችን ሰዓት ውሃ ነው፣ ፍሳሹ ሌሊት ተለቆ ከሆነ ጠዋት የተቀዳው ናሙና አያሳየውም። ሸርጣኗ ግን ሌሊቱንም ክረምቱንም እዛው ነበረች፣ ቅርፊቷን ቀይራ እንቁላል ይዛ ከተገኘች ውሃው ለወራት ሦስቱንም ፍሬኖች ሳይነካካ አልፏል ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም፣ የአካባቢ ሳይንስ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ሊያደርገው ይችላል።

የእህቴን ልጅ በማግስቱ ይዤው ወረድኩ። ለመሞከር ለሚፈልግ፣ ድንጋዩን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ አንሱ፣ ሸርጣኑን ከኋላ በኩል ጎንና ጎኑን ያዙት፣ መቆንጠጫው እዛ አይደርስም። ሆዱን ገልብጣችሁ ክዳኑን እዩ፣ ጠባብ ከሆነ ወንድ፣ ሰፋ ብሎ ክብ ከሆነ ሴት ነች፣ ከክዳኑ ስር እንቁላል ወይ ጥቃቅን ሸርጣኖች ካሉ ቶሎ መልሷት። ባዶ ቅርፊት ስታገኙ ከኋላ የተከፈተ ከሆነ የተቀየረ ነው፣ ተሰባብሮ ውስጡ ስጋ ካለና የሚሸት ከሆነ የሞተ ነው፣ ሁለቱን ለየብቻ ቁጠሩ። እኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ባዶ ቅርፊትና ሁለት ሸርጣን አገኘን፣ አንደኛዋን ልጁ ሊይዛት ጣቱን ሲያስጠጋ ጀርባዋ እንደ እርጥብ ካርቶን ገባ አለ፣ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፣ «አጎቴ ይቺ ናት እንዴ ልብሷን የቀየረችው?» ሲለኝ ድንጋዩን ቀስ ብለን እንደነበረ መለስንላት።